የድሬን ልጅ ታሪክ መጻፍ፦ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚሆን ልብ ወለድ ከጣሳው እስከ ማተሚያ ቤቱ

ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር ለልጆች የሚጻፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይጀምራል፤ ጡረታ በወጣ የባቡር ሠራተኛ አያት፣ ማታ ማታ ጅብ በሚቀልብ ሰው ወይም በሐረሩ የጀጎል ግንብ በር። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱንም ግን ቀድሞ የሚያያቸው እንግዳ ነው። ጀጎል ውስጥ ያደገ የ12 ዓመት ልጅ ጅብ ሲጮህ ወደ ሌላ ጎኑ ተገልብጦ ይተኛል። እንቅልፍ የሚነሳው ጓደኛው ያኮረፈችበት ምክንያት፣ ከተጠራቀመው ብር ላይ የጎደለው፣ እናትና አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩት ነገር ነው። ታሪካችሁን ከዚያ ጀምሩ። ባቡሩም ጅቡም ቦታቸው ሲደርስ ራሳቸው ይመጣሉ።

በዚህ መመሪያ አንድ ታሪክ ከባዶ ተነስተን እንሠራለን። መጨረሻ ላይ 12 ሺህ ቃል ገደማ የሚሆን፣ በ12 ምዕራፍ የተከፈለ ረቂቅ ይኖራችኋል። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ለሚጽፍ ሰው 10 ሳምንት ይበቃል። ርዝመቱን ከውጭ አገር የአጻጻፍ መመሪያ ላይ አትቅዱ። በአማርኛ «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ በሌላ ቋንቋ አራት ወይም አምስት ቃል የሚወስደውን ሐሳብ ይሸከማል። ስለዚህ እዚያ «30 ሺህ ቃል» የተባለውን እንዳለ የወሰደ ሰው መጽሐፉን ሳያስበው ያስረዝመዋል። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላሉት ከ4 እስከ 5 ሺህ ቃል፣ ለ14 ዓመትና ከዚያ በላይ ከ25 ሺህ ጀምሮ አስቡ። በኤ5 ገጽ፣ በ12 ነጥብ ፊደል፣ ዘና ባለ የመስመር ክፍተት አንድ ገጽ 200 ቃል አካባቢ ይይዛል።

1. ልጅቷ፣ የምትፈልገው ነገርና አንድ ዕቃ

ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ። ማን ናት? ምን ትፈልጋለች? የምትፈልገው ነገር የሚታይበት ዕቃ ምንድን ነው? «ቤተሰቧን መረዳት ትፈልጋለች» የሚል ፍላጎት አይሠራም፤ ያ የትልቅ ሰው ፍላጎት ነው። ልጅ የሚፈልገው በእጅ የሚያዝ፣ ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው።

የእኛ ታሪክ እንዲህ ይሁን። ሰላም 12 ዓመቷ ነው፣ ነጃት 13። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ ይኖራሉ። በረመዳን የነጃት እናት ሳምቡሳ ጠብሳ ከግቢው በር ላይ ትሸጣለች፤ ሁለቱ ልጆች ያጥፋሉ። የድካማቸው ዋጋ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። ያገለገለ ብስክሌት ለሁለት ሊገዙ ነው። በ17ኛው ቀን ጣሳው ቀለለ።

ብስክሌት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት የከተማው የቆየ ልማድ ስለሆነ ማንም አንባቢ አይጠራጠርም። ያንኑ ፍላጎት ጀጎል ውስጥ ለምትኖር ልጅ ብትሰጡ ግን ታሪኩ ይሰናከላል። ጠባቡ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሽቅብና ቁልቁል የሆነው መንገድ ብስክሌት አያስኬድም። የጀጎል ልጅ ሌላ ነገር ትፈልግ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ይህን ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል፤ ልጆች ግን በጣት ቆጥረው ያረጋግጣሉ። ሁለቱ በቀን 120 ሳምቡሳ ያጥፋሉ እንበል። ለ10 ሳምቡሳ 5 ብር ከተከፈላቸው በቀን 60፣ በወሩ 1,800 ብር ይሆናል። ይህ ዛሬ ያገለገለ ብስክሌት አይገዛም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ወይ ከመስከረም ጀምሮ ያጠራቀሙት ይኖራል፣ ወይ ከብስክሌት ጠጋኙ ጋር ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ክረምት ሊከፍሉ ተስማምተዋል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ቀን የተቆረጠለት ቃል ኪዳን ስለሚፈጥር ጣሳው ሲጎድል የሚያፍሩበት ሦስተኛ ሰው ይኖራቸዋል። አያችሁ፣ ሒሳቡ ራሱ ባለታሪክ ወለደ።

ስለ ጣሳው ግማሽ ገጽ ጻፉ፤ መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም ጻፉት። የት ይቀመጣል? ክዳኑ ምን ያህል ይጠብቃል፣ በማንኪያ ጫፍ ነው የሚከፈተው ወይስ በጥፍር? ሳንቲሙ ብቻ ሲሆን ይንኳኳል፤ ኖት ሲበዛበት ድምፁ ይታፈናል። ይህን ካወቃችሁ 17ኛው ቀን ላይ ሰላም ክዳኑን መክፈት አያስፈልጋትም። ስታነሳው ይንኳኳል፤ በቃ፣ አውቃለች።

2. ቀን መቁጠሪያውን ዘርግቱ

የበዓልና የጾም ታሪክ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 22 ገብቶ መጋቢት 20 አካባቢ ወጣ። ስለዚህ «በረመዳን ክረምት ዝናቡ ሲጥል» የሚል ዐረፍተ ነገር በ2005 ትክክል፣ በ2017 ስህተት ነው።

ታሪካችንን 2017 ላይ እናድርገው፤ ምክንያቱም ያ ዓመት ለጸሐፊ ስጦታ ነው። የኦርቶዶክሱ ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ስለነበር ረመዳን ከነሙሉው በዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ሁለቱም ልጆች ይጾማሉ። ሰላም እስከ 9 ሰዓት ትቆይና ምሳዋን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት ትበላለች፤ የምስር ሳምቡሳ ይፈቀድላታል፣ የሥጋው አይፈቀድላትም። ነጃት ዘንድሮ ወሩን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጾም ስለሆነች ውሃም ሳትቀምስ የምሽቱን አዛን ትጠብቃለች። በመጋቢት ድሬ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 አልፎ ነው። በሁለቱ ጾም መሃል የሦስት ሰዓት ከምናምን ልዩነት አለ። ከሰዓት በኋላ ያለው ትዕይንት ሁሉ፣ ማን ተራበ፣ ማን በማን ፊት በላ፣ ማን ተቆጣ፣ ከዚያች ሦስት ሰዓት ይወጣል።

ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ፤ በግራ የረመዳን ቀን ከ1 እስከ ወሩ መጨረሻ፣ በቀኝ የኢትዮጵያው ቀን። የትምህርት ፈረቃቸውን፣ የፈተና ሳምንታቸውን፣ ጁምዓውንና ሰንበቱን ሙሉበት። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ሳትጨርሱ ወደ ምዕራፍ አትሂዱ።

3. ባህሉ መንገድ ይዝጋ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ባህል የሚሞተው ሲብራራ ነው። አያት ቁጭ ብላ የበዓሉን ትርጉም ስትናገር፣ ልጅ «እኔም በጣም ተደሰትኩ» ሲል አንባቢው ገጹን ይዘላል። ባህል የሚገለጠው ልጁ የሚፈልገው ነገር ላይ ሲቆምበት ነው።

የግቢውን አምስት ሕጎች ጻፉ። ማንም ጮክ ብሎ የማይናገራቸው፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ይሁኑ። ለእኛ ግቢ እንዲህ ብንል፦ ከጎረቤት የመጣ ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ውሃ በምትመጣበት ቀን ትንሽ ልጅ ያለባት ቤት ቀድማ ትቀዳለች። የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ ማንኛዋም እናት ትቆጣለች። በአንዱ ለቅሶ የሌላው ራዲዮ ይዘጋል። የቤት ገመና ከቤት አይወጣም።

ቀጥሎ ከአምስቱ አንዷን ምረጡና ልጅቷን ከእሷ ጋር አጋጩ። እኛ የመጨረሻዋን እንወስዳለን። ብሩን ያነሳችው ነጃት ናት። እናቷ ዘይትና ዱቄት መግዣ አጥታ ስትጨነቅ አይታ ሰጠቻት፤ እናትየዋም «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ አስምላታለች። ነጃት መሐላዋን ከጠበቀች ሌባ ትባላለች፤ ከተናገረች የእናቷን ገመና ታወጣለች። ሰላም ስታውቅ ደግሞ እሷም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ትገባለች፤ ብሩ የት ገባ ብላ የምትጠይቃት የራሷ እናት አለቻትና። የግቢው ሕግ የታሪኩ አከርካሪ ሆነ ማለት ነው። ስለ መተሳሰብ አንድ ቃል መናገር አላስፈለገንም።

ሌሎቹ አራት ሕጎች በየመንገዱ ይምጡ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ፣ በሥራ ላይ ሆነው። ኩርፊያው በከረረበት ቀን የነጃት እናት የላከችው ሰሃን ሰላም ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ባዶውን አይመለስም። ሰላም ምን ጨምራበት ትመልሰዋለች? አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ጥያቄ ይሞላል።

አሁን አንድ አንቀጽ በቅርብ እንይ። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይወጣል፦

«ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት። በረመዳን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ሳምቡሳ ይሠራሉ። እኔና ነጃትም ሳምቡሳ ስናጥፍ ነበር። ነጃት ግን ደስተኛ አልነበረችም። የሆነ ነገር እንደደበቀችኝ ተሰማኝ።»

የተባለው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድም ነገር አልታየም። እንደገና፦

«ነጃት ሊጡን ይዛ ሾጣጣ አድርጋ ጠቀለለችው፤ ምስሩን በማንኪያ ጠቀጠቀችበት፤ የቀረውን ጫፍ አጥፋ በዱቄት ሙጫ ለጥፋ ወረወረችልኝ።
“ጫፉ ክፍት ነው” አልኳት።
“ዝጊዋ።”
“አንቺ ነሽ የተውሽው።”
“አቦ ሰላም፣ ዝጊው አልኩሽ!”
ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እኔ ምሳዬን በልቻለሁ፤ እሷ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራታል። ከንፈሯ ደርቋል። ሁለተኛውንም ወረወረችልኝ። እሱም ክፍት ነው። ነጃት ክፍት ሳምቡሳ ጥላ አታውቅም።»

ይህ የሚሠራው ጸሐፊው ሳምቡሳ ስለሚያውቅ ነው። ሊጡ በስሱ ተዳምጦ፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ሞቆ፣ እንደ ጥብጣብ ይቆረጣል። ድፍን ምስሩ እንዳይላሽቅ ተቀቅሎ ውሃው በደንብ ይጠነፈፋል፤ ውሃ ከያዘ ሊጡን ያርሰውና ሲታጠፍ ይቀደዳል። ሽንኩርትና ቃሪያው ተከትፎ ይገባል። ሦስቱም ጫፍ በዱቄትና በውሃ ሙጫ ይታሸጋል። አንዷ ጫፍ ክፍት ከቀረች ዘይት ይገባባታል፣ ምስሩ ይወጣል፣ የወጣው ምስር መጥበሻው ውስጥ ያርና የቀረውን ዘይት ያጠቁራል፤ ዘይት ደግሞ በዚያ ቤት የጠፋው ነገር ነው። ስለዚህ ክፍቷ ጫፍ የነጃትን ጭንቀት ታሳያለች፣ ኪሳራም ታመጣለች። እጅ የሚሠራውን ሥራ ከነስህተቱ ካላወቃችሁ ስሜቱን በቅጽል ለመሙላት ትገደዳላችሁ። ስለማታውቁት ሥራ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ከሰዓት ከሚሠሩት ጋር ቁጭ በሉ፤ የሚበላሸው ምኑ እንደሆነና ለምን እንደሚበላሽ ጠይቁ።

4. አፋቸውን ስሙ

በድሬና በሐረር አማርኛ ልጅ ታላቁን «አንተ»፣ የጓደኛውን እናት «አንቺ» ቢል ንቀት አይደለም። ሌላ ከተማ ያደገ ጸሐፊ ይህን «ያስተካክልና» ልጆቹን ሁሉ በ«እርስዎ» ያናግራቸዋል፤ ያኔ የድሬ አንባቢ ወዲያው ይነቃል። ከሌላ ቦታ የመጣ አንባቢ ደግሞ ልጅቷ ባለጌ ናት ብሎ እንዳይረዳ አንድ ጊዜ ብቻ ምልክት ስጡ። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ የመጣች አክስት ደንግጣ ስታይ፣ የተጠራችው ሴትዮ ግን ምንም ሳይመስላት መልስ ስትሰጥ። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

«አቦ» የከተማው ጨው ነው፤ እንደ ጨውም ይመጠን። በየንግግሩ ከገባ ካርቱን ይሆናል። በገጽ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ ያውም ሰው ሲሰለች፣ ሲለምን ወይም ሲያደንቅ። «ወላሂ» ከክርስቲያን ልጅ አፍም ይወጣል። ሰላም ሳታስበው «ወላሂ አልዋሽሽም» ብላ የእናቷን ዓይን ስታይ አንድ ትንሽ ትዕይንት አገኛችሁ።

ሌሎቹ ቋንቋዎች አሉ፤ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ። አንድ ልጅ ቀፊራ ገበያ ለመድረስ በሦስት ቋንቋ ሰላም ሊል ይችላል። በአንድ ገጽ ከሁለት በላይ አዲስ ቃል አታስገቡ፤ ትርጉሙንም በቅንፍ አትጻፉ። ቃሉን ተከትሎ የሚደረገው ነገር ይተርጉመው፤ «“ዋርያ!” ሲል ሦስት ወንድ ልጆች ዞሩ» የሚለውን ያነበበ ሌላ አይፈልግም። ቃሉን ደግሞ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያንብብላችሁ፤ በጆሮ ብቻ የተጻፈ ሶማሊኛ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ብዙዎቹ አንባቢዎቻችሁ ቤታቸው ውስጥ አማርኛ የማይናገሩ ልጆች መሆናቸውንም አስቡ። አማርኛውን ስለሚያውቁት ያነባሉ፤ የቤታቸው ቋንቋ ተበላሽቶ ሲያገኙት ግን ይከፋሉ፣ ልክም ናቸው።

5. ማን ይተርክ?

ለዚህ ዕድሜ «እኔ» ይሻላል፤ ምክንያቱም ከቋንቋው ይመጣል። በሦስተኛ መደብ እያንዳንዱ ግስ ጾታ ይናገራል፤ «ሄደች፣ አየች፣ ሮጠች»። በአንደኛ መደብ «ሄድኩ፣ አየሁ፣ ሮጥኩ» ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። የሴት ልጅ መጽሐፍ አላነብም የሚል የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ሳያውቀው ገብቶ ያነባል። መዘዙ ግን አለ፤ ማንም ካላናገራት አንባቢው ሦስት ገጽ ድረስ ወንድ መስላው ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ውስጥ አንድ ሰው «ነይ»፣ «ዝጊው»፣ «አንቺ ልጅ» ይበላት።

ጥበቡ ያለው ተራኪዋ የማታውቀውን ነገር በመጠበቅ ላይ ነው። ሰላም የነጃት እናት ችግር ላይ እንዳለች አታውቅም፤ ግን ታያለች፤ የዘይቱ ጀሪካን ባለ 5 ሊትር የነበረው ባለ 3 ሆኗል፣ ሊጡ ከወትሮው ቀጥኗል፣ ደንበኛ «ዛሬ አነሰች» ይላል። አንባቢው ከሰላም አንድ ምዕራፍ ቀድሞ ይገባዋል። ያን ክፍተት አትድፈኑት።

6. የምዕራፎቹ ሰሌዳ

ይህን በአንድ ቁጭታ ጨርሱት። ምዕራፍ 1 እስከ 3፦ ጣሳው፣ ስምምነቱ፣ የሁለቱ ጾም። 4 እስከ 6፦ የጠጋኙ ቀጠሮ፣ የጣሳው መቅለል፣ ጥርጣሬው በመጀመሪያ በተሳሳተ ሰው ላይ፤ የነጃት ታላቅ ወንድም ባጃጅ ላይ የሚሠራ ከሆነ እሱ ላይ ይሁን። 7፦ ሰላም ነጃትን በሰው ፊት «ሌባ» ትላታለች። 8 እስከ 10፦ ዝምታው፣ ሰሃኑ፣ እውነቱ። 11፦ ዒድ። 12፦ ጠጋኙ ጋ። እያንዳንዱ ምዕራፍ 1,000 ቃል ገደማ፤ 7ኛው 1,400 ሊደርስ ይችላል፣ 9ኛው 600 ቢሆን ይሻላል።

ሐረርን ማምጣት ከፈለጋችሁ ቦታው በ11 እና በ12 መካከል ነው። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ ሐረር ላይ ሹዋሊድ ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። የነጃት አክስት ጀጎል ብትኖር ሁለቱ አኩራፊዎች በአንድ ሚኒባስ ወንበር ተጣብቀው ይወጣሉ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ሲያልፉ አየሩ ይለወጣል፤ ሹራብ የያዘችው አንዷ ብቻ ትሁን። ጀጎል ውስጥ ያለው «መኪና ግርግር» የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ስም የሆነለት መንገድ ስለሆነ፣ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት ድምፁን አሰሙ። የበሮቹን ቁጥርና የመስጊዱን ብዛት ለጎብኚ መጽሐፍ ተዉት።

7. ፊደሉ ልጁን እንዳያሰናክለው

ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ልዩነት፣ አያሳይም። «አለ» ተናገረም ይሆናል፣ ይገኛልም ይሆናል። «ይሰማል» ያዳምጣልም፣ ድምፁ ይደርሳልም ነው። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና አልመጣም»ም ነው። ትልቅ ሰው ከአውድ ያነባል፤ ልጅ ግን ይቆምና ይመለሳል፤ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ መጽሐፉን ይዘጋል። እንዲህ ያለ ቃል ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አይቀመጥ፤ የሚያብራራው ነገር ይቅደመው። «አለ ወንድሟ በሩ ላይ» ከማለት «ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል» ማለት ነው።

በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚደረደረውን «ነበር» ቁጠሩ። በገጽ ከስድስት ካለፈ ታሪኩ ቆሟል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ወደ ተራ ኃላፊ ጊዜ መልሱት። ዐረፍተ ነገሩ ከ12 ቃል ብዙም አይለፍ። በመሃል የሦስትና የአራት ቃል ይግባበት። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዐረፍተ ነገር ልጁን ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ እስከ አራት ነጥቡ ያጉዘዋል።

አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር ይኑራችሁ፦ ሐረር ወይስ ሀረር፣ ድሬዳዋ ወይስ ድሬ ዳዋ፣ ፀሐይ ወይስ ጸሃይ፣ ሳምቡሳ ወይስ ሳንቡሳ። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙ። ለንግግር ምልክቱም እንዲሁ።

8. ከባድ ነገሮች

ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገሩ የድሬ ልጅ መሆን አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። የዛሬ አንባቢያችሁ ያኔ አልተወለደም፤ ወላጆቹ ግን ነበሩ። ታሪኩ 2017 ላይ ነውና የሰላም እናት 31 ዓመቷ ከሆነ፣ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፤ ልክ የዛሬዋን ሰላምን ታህላለች። ጎርፉን አትተርኩ። ሰማዩ ወደ ደንገጎ በኩል ሲጠቁር እናትየዋ ምንም ሳትናገር ልጆቿን ስትቆጥር አሳዩ። ሰላም ለምን እንደሆነ አትጠይቅም። ይህን መሰል ሐዘን በከተማው ውስጥ የነካው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ለማስለቀሻ መጠቀም ነውር ነው።

ጫት በከተማው አለ፤ ልጅ ያየዋል። መደበቅም መስበክም አያስፈልግም። አባት ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጡ፣ በዚያ ሰዓት ልጅ ገንዘብ እንደማይጠየቅ ወይም በተቃራኒው በዚያ ሰዓት ብቻ እንደሚጠየቅ ማወቁ ይበቃል። በረመዳን ደግሞ ቀን አይቃምም፤ ያ ሰዓት ባዶ ይሆናል፣ አባትም ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል። ይህንንም ተጠቀሙበት።

9. መጨረሻው በልጅቷ እጅ ይሁን

በጣም የተለመደው ውድቀት እዚህ ነው። ምዕራፍ 11 ላይ አባት ወይም ሼህ ወይም ቄስ ይመጣና ሁለቱን አስታርቆ የጎደለውን ብር ይሞላል። አንባቢው 10 ምዕራፍ የተጨነቀለትን ጥያቄ ትልቅ ሰው ነጥቆ መለሰው። አዋቂዎቹ ሊያዝኑ፣ ሊያረፍዱ፣ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ መፍታት ግን አይችሉም።

በእኛ ታሪክ የሰላም እናት «ብሩስ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰላም እውነቱን ካወቀች ሁለት ቀን ሆኗታል። ከብዙ ማመንታት በኋላ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች እንጂ ገመናውን አታወጣም። ትቀጣለች። ቅጣቱ እውነተኛ ይሁን፤ ወዲያው አይነሳላት። ነጃት ከግድግዳው ማዶ ሁሉንም ሰምታለች። ምዕራፍ 12 ላይ ሁለቱ ለጠጋኙ ባዶ ጣሳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ብስክሌቱን አያገኙም። የሚያገኙት ክረምት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ጎማ የመጠገን ሥራ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ፣ የተነፋ ከመነዳሪ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚፈልጉ አራት እጆች ይኑሩ። «ጓደኝነት ከገንዘብ ይበልጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት፤ ሳፋው ተናግሮታል።

10. በልጆች ማስነበብ

ረቂቁን ለሁለት ሳምንት ዝጉት። ከዚያ ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ስድስት ልጆች ፈልጉ፤ ወንድም ሴትም፣ ቢያንስ ሁለቱ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ያልሆነ። ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ፤ በተለይ ስለ ጾምና ስለ እምነት ያለውን ክፍል ወላጆቹ ቀድመው ይዩት።

«ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። ምዕራፍ 1ን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እናንተ በእርሳስ የተደናቀፉበትን ቃል አስምሩ። ሁለት ልጅ የተደናቀፈበት ቃል ይቀየራል። የቀረውን ለብቻቸው ያንብቡና የሰለቻቸው ገጽ ላይ ጠርዙን አጥፈው ይለፉ። ከዚያ ታሪኩን ለታናሽ እንደሚነግሩ አድርገው ይተርኩላችሁ። ሲተርኩ የዘለሉት ምዕራፍ አላስፈላጊ ነው፤ ራሳቸው የጨመሩት ነገር ደግሞ እናንተ ያልጻፋችሁት ቀዳዳ ነው። ብስክሌቱ በመጨረሻ ይገዛ ብለው ይለምኗችኋል። አትስሙ፤ መለመናቸው መጨረሻው መሥራቱን ያሳያል።

11. ወደ ማተሚያ ቤት

12 ሺህ ቃል ከምዕራፍ መክፈቻና ከጥቂት ሥዕል ጋር ከ70 እስከ 78 ገጽ ይመጣል። ማተሚያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፍ ስለሚያትሙ 64 ወይም 80 ገጽ ላይ አርፉ፤ 72 ላይ ብትቆሙ ባዶ ወረቀት ትከፍላላችሁ። ለእኛ 80 ይሻላል፤ ትርፉን ገጽ ለሥዕልና ለሰፋ የመስመር ክፍተት ስጡት። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ፊደሉ አብሮ ታሽጎ ላኩ። ያለዚያ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ይሆናል ወይም በሌላ ፊደል ተተክቶ የገጽ ቁጥሩ ይዛባል።

ሠዓሊው መጋላን ካላየ ፎቶ ስጡት፤ የግቢውን በር፣ ቧንቧውን፣ የቀፊራን ቅስቶች። የታጠፈ ሳምቡሳም ስጡት። በመጀመሪያው ናሙና ላይ ሥዕሎቹን ከጽሑፉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ምዕራፍ 5 ላይ ጣሳው ክዳን ካለው ምዕራፍ 12 ላይም ክዳን ይኑረው፣ ነጃት የምትለብሰው ሻሽ ቀለሙ አይለዋወጥ፣ ሳምቡሳዋም ሦስት ጫፍ ይኑራት።